የእማሆይን ራውተር ያጠመቀው ፈንታሁን

ፈንታሁን መሞቱን የነገሩኝ እማሆይ ጠጅቱ ናቸው፤ በስልክ። "ልጄ፣ ፈንታሁን ዐረፈ" አሉኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "ምን ሲነካካ?" የሚል ጥያቄ ነበር።

"አልነካካም" አሉ፣ ጥያቄዬ ቅንጣት ሳይገርማቸው። "ጉበቱ ነው። ቢጫ ሁኖ ሰነበተና አለፈ። በዚህ ዓለም ሳይፈታታ የተወው ጉበቱንና የኔን ራውተር ብቻ ነበር። ራውተሬ ይኸው ደህና አለች።"

ከዚያ ስልኩን እንደያዙ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቀብሩ በማግስቱ ስለነበር ከደብረ ታቦር ማለዳ ተነስቼ ወደ ተወለደበት ወደ ወገዳ ጉዞ ጀመርኩ። የዚያ አገር መንገድ ለማልቀስ አይመችም፤ ሰውን እያንገጫገጨ ሐዘኑንም ቁርሱንም አንድ ላይ ይንጠዋል። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ፈንታሁንን እያሰብኩ፣ እያሰብኩም ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ሠርግ ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። "የለም እናቴ፣ ቀብር ነው" ስላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስክንወርድ አላናገሩኝም።

ከፈንታሁን ጋር ንፋስ መውጫ አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እኔ ጂኦግራፊ፣ እሱ ኮምፒውተር። ሁለታችንም የእማሆይ ጠጅቱ ግቢ ተከራዮች ነበርን። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተዋል፤ ምላሳቸው ግን አልመነኮሰም። ፈንታሁን ረጅም፣ ከሲታ፣ ኪሱ እስክሪብቶ ቢያጣ እንጂ ካቻቢቴ የማያጣ ሰው ነበር። የሆነ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብሎኑ ነው። ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ "እንኳን ደስ አለህ በለኝ" ሲለው ገልብጦ ጀርባውን ያያል።

ሃይማኖቱን በአንድ አረፍተ ነገር ነበር የሚጠቀልለው። "ፋብሪካ ይወልዳል እንጂ ክርስትና አያነሳም" ይል ነበር። ክርስትና ማንሳት የራሱ ሥራ ነው። ዕቃውን ይፈታታል፣ ያሻሽላል፣ ይገጥማል፤ ከዚያ ቄስ በጥምቀት ጊዜ እንደሚያደርገው "እፍ" ይልበትና የክርስትና ስም ያወጣለታል። የትምህርት ቤታችን ፎቶ ኮፒ ማሽን ወለተ ጊዮርጊስ ተብላ ከተጠመቀች በኋላ የወረቀቱን ግራ ጎን ብቻ ማውጣት ጀመረች። ፈተና ስናባዛ ተማሪው ጥያቄውን ያገኛል፣ ምርጫውን አያገኝም። ርእሰ መምህሩ ሊጮኹበት ሲመጡ "ቀለም ቆጥቤልዎት ነው" አላቸው።

የእማሆይ ሬድዮም ከእጁ አላመለጠችም። ትንሽ ትንጫጫ ነበር፤ እሱ ከነካካት በኋላ በግንባሯ ካልተደፋች ቃል አልተነፍስ አለች። እማሆይ መጀመሪያ ሊገድሉት ደረሱ። በኋላ ግን ለምደዋት፣ ጠዋት ጠዋት ሬድዮዋን መደቡ ላይ እየደፉ "ስትሰግድ ነው የምትናገር" እያሉ ለጎረቤት ያሳዩ ነበር።

ይህ አመል ከየት መጣ ብባል፣ አብሮት የተወለደ ይመስለኛል። በልጅነቱ እስቴ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ድቁናም ተቀብሏል። የሚያገለግልበት ደብር ድምፅ ማጉያ "ያፏጫል" ብሎ ፈታታው። ከገጠመው በኋላ ፉጨቱ እውነትም ጠፋ። አንድ እሑድ ግን በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ "ለጸሎት ተነሡ" ሊል አፉን ሲከፍት ድምፅ ማጉያው ከየት እንደሳበው የማይታወቅ የሬድዮ ስፖርት ዜና ይዞ "ጎል!" አለ። ሕዝቡ ቢሆንም ተነሣ። የደብሩ አለቃ ፈንታሁንን ጠርተው "ልጄ፣ አንተን የሚስማማህ ዕቃ ቤት እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም" ብለው በምርቃት አሰናበቱት። ድቁናውን ያፈረሰው በሴት ነው የሚሉም አሉ። እሱ ግን ሁሌም በሽቦው ላይ ነበር የሚያላክከው።

ከቤተ ክህነት ይዞት የወጣው ትልቁ ነገር የጊዜ አለካኩ ነው። ሰዓት አያስርም ነበር። "ሰዓት ባትሪ ይጨርሳል፤ ዳዊት ባትሪ የለውም" ይላል። እንቁላል የሚቀቅለው በዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ሻይ የሚያፈላው በጸሎተ ሃይማኖት ነው። ፈተና ሲፈትን በወንበሮቹ መሃል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይንጎራደዳል። "መልክአ ኢየሱሱ ሊያልቅ ነው" እየተባባለ ተማሪው መጻፍ ያፋጥናል። ሳቅንበት እንጂ አንድ ቀን እንኳ እንቁላሉ ጥሬ ሆኖ፣ ሻዩም ገንፍሎ አላየሁም።

ራውተሯ ወደ ግቢያችን የገባችው በእማሆይ የስልክ መስመር ነው። መስመሩ የሟች ባላቸው ነበር። እኔና ፈንታሁን ኢንተርኔት እናስገባበት ብለን ስንለምናቸው እማሆይ የጠየቁን ነገር አንድ ነው፤ "ልጄን በየሰንበቱ አምጡልኝ"። ልጃቸው ስመኝ ዓረብ አገር ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ የስመኝ ፊት በፈንታሁን ላፕቶፕ ላይ ይመጣል። እማሆይ መስተዋቱን በጣታቸው እየዳበሱ "ከስተሻል፤ ምን እያበሉሽ ነው?" ይላሉ። እሷም "ወፍሬያለሁ እማዬ" ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲጨቃጨቁ እኔና ፈንታሁን ደጅ ወጥተን እንቆማለን። የያዝነው የሞባይል ኢንተርኔት ድምፅ እንኳ ቆራርጦ ነበር የሚያመጣው፤ መልክማ ጨርሶ አይታሰብም። ስመኝ ለእማሆይ የምትገኘው በዚያች ጥቁር ሳጥን ብቻ ነበር።

ሳጥኗ ከኛ ቤት ሳትሰነብት ነው ፈንታሁን መብራቶቿን ያጠፋት። የተቀመጠችው እሱ ክፍል ስለነበር "ስተኛ እንደ ጅብ ታፈጥብኛለች" ብሎ ከፍቶ ወደ መብራቶቹ የሚሄደውን ሽቦ ቆረጠ። ያኔ ማናችንም ምንም አላልንም፤ በኋላ ግን አስከፈለን።

ስመኝ እዚያው አግብታ ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናው ለሴት ልጅ በደንቡ ሰማንያ ቀን ነውና እሑድ ላይ ዋለ። እማሆይ ያን እሑድ እንደ ዳግም ምጽአት ይጠብቁት ጀመር። የሚፈልጉት የልጅ ልጃቸው ከውሃው ስትወጣ ማየት፣ ከዚያም አማቻቸውን መመልከት ነው። አማችየው በየሰንበቱ "ሥራ ላይ ነው" እየተባለ አንድ ቀን እንኳ መልኩን አላዩትም። "እሑድ እሑድ የሚሠራ ሰው ወይ ሐኪም ነው ወይ ሌባ ነው" ይላሉ። ለልጁ ክርስትና ግን የግዱን ይቆማል።

እንግዲህ ዓርብ ዕለት ከክፍል ስመለስ ፈንታሁን ራውተሯን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ታመመ በግ ያገላብጣታል።

"ካርታው" አለኝ፤ ጂኦግራፊ ስለማስተምር ነው እንዲህ የሚጠራኝ። "በዚህ ፍጥነት ሕፃኗ ውሃ ውስጥ እንደገባች ምስሉ ይቆማል። እማሆይ የልጅ ልጄ ሰጠመች ብለው እዚሁ ይሞቱብናል።"

"ተዋት ጃል። ሁልጊዜም እየቆመች እየሄደች ነው ያደረሰችን።"

"እሱማ ስላልተጠመቀች ነው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ሆድ ውስጥ ፋብሪካው የሚያስቀምጠው ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ነፍሷ በሉት። ዓለም ላይ ደግሞ እንደ ፈንታሁን ፋብሪካን የማያምኑ ሰዎች ሞልተዋል። እነሱ በፋብሪካው ፈንታ የራሳቸውን ነፍስ ጽፈው በነፃ ይሰጣሉ። ፈንታሁን አንዱን በፍላሽ ይዞ ቀን ሲጠብቅላት ኖሯል። "ተው" እያልኩት አስገባላት። አልዋሽም፣ ሠራች፤ የአንድ ሰባኪ ቪዲዮ ሳይደናቀፍ ከዳር እስከ ዳር አየን። ፈንታሁን "እፍ" አለባትና ኃይለ ገብርኤል ብሎ ስም አወጣላት።

"በሴት አንቀጽ ስንጠራት ኖረን ምነው የወንድ ስም?" ስለው "የጉልበት ሥራ ነው የሚጠብቃት" አለኝ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። እሱ ግን "ትንሽ ላስተካክላት" ብሎ ገባ። ዋይፋዩን ነካ፣ አድራሻዋን ቀየረ፣ ሌባ እንዳይገባ ብሎ በሯን ሁሉ ዘጋና "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫነ። ከዚያ በኋላ ሌባው ቀርቶ እሱም መግባት አቃተው። ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ ውጭ እንደቀረ ሰው ሆነ። ዋይፋይ የለም። በኬብል ቢሰካት አትመልስም። ፈንታሁን ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አላየሁበትም፤ ፍርሃት ነበር።

ደብረ ታቦር ደውዬ ሌላ ራውተር ጠየቅኩ፤ የለም። ባሕር ዳር ይገኛል፣ እሱም ለሰኞ ተባልኩ። ክርስትናው እሑድ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምርኩዛቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈው አንገታቸውን አስገቡ።

"እንዴት አደራችሁ ልጆቼ? ለነገው ደህና ናት?"

ፈንታሁን ራውተሯን በጋቢው ሸፈናት። "ሱባኤ ገብታለች እማሆይ። ነገ ትወጣለች።"

"ሱባኤ የገባ ሰው እንኳ ጥሬ ይቀምሳል" አሉና ሄዱ። አላመኑትም፤ ግን ማመን ፈልገው ነበር።

"መድኃኒት አላት" አለኝ ፈንታሁን እንደ ራቁ። "ኮሌጅ እያለሁ እንደሷ ያለች አንዷን አስነሥቻለሁ።" ከጀርባዋ በኩል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሪሴት የሚሏት አለች። ውስጧ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ሶኬቱን መሰካት፣ ለጥቂት ጊዜ ይዞ መቆየት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ራውተሯ የተቆለፈውን ሁሉ ትረሳና እንደ ጫጩት አፏን ትከፍታለች። ላፕቶፑ አስቀድሞ የተቀመጠለትን የፋብሪካውን ፈርምዌር ያጎርሳታል። ቀድመህ ከለቀቅክ አፏን አትከፍትም፤ ካዘገየህም መልሳ ትዘጋና እንደተቆለፈች ትነሣለች።

"ጊዜው መድረሱን በምን ታውቃለህ?" አልኩት።

"መብራቷ ይጠቅሳል" አለና ፊቷን አዙሮ አየው። መብራቷን ራሱ ነበር ያጠፋው።

"እሺ፣ ምን ያህል መያዝ እንዳለበት የት ተጽፏል?"

"ኢንተርኔት ላይ" አለ። ኢንተርኔቱ ደግሞ እሷው ነበረች፤ የሞባይሉም ያን ቀን አንድ ገጽ መክፈት አቃተው። ሳልወድ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

"አትሳቅ። ልኩን አውቀዋለሁ። ያችን ያስነሣኋት በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው። አሜን ስል ለቀቅኩ፣ አፏን ከፈተች።"

በስልኬ ሰዓት ልለካውና በቁጥር እንያዘው ብዬ ቁልፉን ሳይዝ እንዲሁ አስደገምኩት። አንዴ ይሮጥበታል፣ አንዴ ያዜመዋል፤ ሁለቱ ከቶ አልገናኝ አሉኝ። "ሰው ቆሞ ሲሰማኝ አይሆንልኝም፤ ቁልፉን ስይዝ ነው ልኩ የሚመጣልኝ" አለ። የእማሆይን የስፌት ወስፌ አንሥቶ ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተና በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጀመረ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ… ጨረሰ፣ ለቀቀ። ላፕቶፑ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ደገመ። አሁንም ምንም። ቀዳሚት ሰንበትን በሙሉ እንዲህ አደረግን። እማሆይ ደጅ ገብስ አስጥተው ወፍ እየጠበቁ ድምፁን ይሰሙ ነበር። ለጎረቤታቸው "ይኸ ልጅ ዛሬ ምን ነካው? ልብ ገዛ መሰለኝ" ሲሉ ሰማኋቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፈንታሁን ወስፌውን ጣለ። "ሞታለች" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስለ አንድ ዕቃ እንዲህ ሲል የሰማሁት።

በዚህ መሃል እማሆይ ገቡ። ወስፌያቸውን ፍለጋ ነው የመጡት። ወስፌውን አዩ፣ ተገልብጣ የተኛችውን ራውተር አዩ፣ የሱን ፊት አዩ። ፈንታሁን ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቀልድ አያጣም ነበር። ያን ለት ግን እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ይማሩኝ እማሆይ። ለነገው ብዬ ነው። ፈጥና እንድትታይዎት ብዬ ነው። እኔ ነኝ የገደልኳት።"

እማሆይ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ ራውተሯን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። "ልጄ ስትሄድ ታስሮ እንደተለቀቀ ጥጃ እየዘለለች ነበር የወጣች" አሉ በኋላ። "ፊቷን አላዞረችም። እኔ አሁን ፊቷን የማየው በዚች ነው። የልጇንማ ፊት አንዴ እንኳ ልይ ብዬ ነበር።" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ገብሱን መሰብሰብ ጀመርኩ። ወፉ ብዙውን በልቶታል።

ስመለስ እማሆይ ተነሥተዋል። "እስቲ ምን እያደረግክ ነው የዋልክ? ፊቴ አድርገው" ይሉታል። ፈንታሁን ተስፋ ቆርጦም ቢሆን ወስፌውን አስገባ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ ደገመ፣ ለቀቀ።

"የት ላይ ነው መልቀቅ የነበረብህ?"

"አሜን ላይ።"

"አሜንንማ አለፍከው። በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨርሰህ ነው ጣትህን ያነሣህ።"

"አልጨረስኩም!"

"ጨርሰሃል።"

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም አላስተዋልኩም ነበር። እኛ አገር አቡነ ዘበሰማያትን ብሎ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ሳያስከትል የሚያቆም ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁለቱ እንደ በሬ የተጠመዱ ናቸው። ፈንታሁንን ደግሞ የኔታ ጅራፍ ይዘው ነው ያስተማሩት። ኮሌጅ ላይ እንዴት አሜን ላይ ቆመ ብለን ስንጠይቀው ራሱን አከከ። "ያኔማ የምሳ ደወል ተደውሎ ነበር" አለ።

እንደገና ሞከረ። አሁን አውቆ ነው፤ አሜን ላይ ሊያቆም ቆርጧል። "ለዓለመ ዓለም አሜን በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲያልፈው ራሱ ደነገጠ። አፉን ሲይዘው ጣቱ ይረሳል፤ ጣቱን ሲያስብ አፉ ይሸሻል። "አምጣ፣ እኔ ልያዘው፤ አንተ ድገም" ብዬ ወስፌውን ተቀበልኩት። እሱ ሲደግም እኔ ቁልፉን ይዤ ጠበቅኩ። ለካ እኔም ክርስቲያን ነኝ! ጣቴን ያነሣሁት በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ሲያልቅ ነው።

እማሆይ ሁለታችንንም አይተው "ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት እነዚህ ናቸው" አሉ። ቀጥለውም ደጃፍ ሄደው ምርኩዛቸውን አመጡ። "አንተ ያዘው። ድገም።"

"እማሆይ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ድገም ብየሃለሁ።"

ፈንታሁን ያዘ። እማሆይ ምርኩዙን ከትከሻቸው በላይ አንሥተው ከንፈሩን እያዩ ቆሙ። ሲሳየነን አለፈ፣ ኅድግ ለነን አለፈ። "ኃይል ወስብሐት ለዓለመ ዓለም፣ አሜን፣ በሰ…"

"ልቀቅ!" አሉና ምርኩዙን አውራ ጣቱ ላይ አሳረፉት።

ፈንታሁን ጮኸ። ወስፌው ተስፈንጥሮ ከግድግዳው ተላተመ። ላፕቶፑ ላይ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ ያላለችው መስመር መሙላት ጀመረች። ፈንታሁን ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ "በላች! በላች!" እያለ ዘለለ። እማሆይ የመስመሩን ነገር አልተረዱም፤ የሱን ዝላይ አይተው ግን እልል አሉ። ቆባቸውን ረስተው ነው እንዲያ ያሉት። ራውተሯ ስትነሣ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣች ሆነች፤ ቀርፋፋ፣ ስም የሌላት፣ ደህና።

"እንዳታጠምቃት" አሉት እማሆይ፣ ምርኩዙን በአፍንጫው ትይዩ አድርገው።

"አልነካትም።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

እሑድ ጠዋት ላፕቶፑንም ራውተሯንም እማሆይ ቤት ወሰድንላቸው። ስመኝ ነጭ ለብሳ መጣች። አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሁሉንም ያሳያል። ከስመኝ አጠገብ አጠር ያለ፣ መላጣ፣ ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ሰው ቆሟል። እማሆይ ወደ መስተዋቱ ተጠጉ።

"ይኸ ነው?" አሉ። አገላበጡት ማለት ይቻላል። "ጆሮው ሰፊ ነው። ምክር ይሰማል።" አማችየው እንዲህ ነው ፈተናውን ያለፈ።

ቄሱ ሕፃኗን ተቀበሉ፣ አነሡ፣ ወደ ውሃው ዝቅ አደረጓት። ምስሉም እዚያው ላይ ቆመ። ሕፃኗ ከወገቧ በታች ውሃ ውስጥ ገብታ፣ አፏን ከፍታ፣ ድርቅ ብላ ቀረች። ፈንታሁን ከሁለት ቀን በፊት ያለው ቃል በቃል ደረሰ። ዞሬ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የሚሠቃይ ሰው አላየሁም። ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑንም መናገር አይችልም። እጁ ወደ ራውተሯ አንድ ስንዝር ተንቀሳቀሰ።

"እጅህን!" አሉ እማሆይ፣ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ሳያነሡ።

ፈንታሁን ሁለቱንም እጆቹን ጭኖቹ ስር ከትቶ ተቀመጠባቸው። እማሆይ ሕፃኗ ግንባር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "አውጧት፣ አውጧት" ይሉ ነበር። ድንገት ቤቱ በልቅሶ ተሞላ፤ ሕፃኗ ከውሃው ወጥታ አገር ይያዝልኝ ትላለች። እማሆይ ሲስቁና ሲያለቅሱ አንድ ላይ ሆነባቸው። ዞር ብለው የፈንታሁንን ጠቆር ያለ አውራ ጣት ይዘው ሳሙት።

ጥፍሩ ወደቀና ሌላ በቀለለት። አዲሱ ትንሽ ጠማማ ነበር። ተማሪዎቹ ሲጠይቁት "ማዕረግ ነው፤ በምርኩዝ የተሾመ ከኔ ሌላ የለም" ይላቸው ነበር። እኔ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርኩ፤ እሱም አርብ ገበያ ከተማ ገብቶ ሞተር ብስክሌቶችንና ወፍጮዎችን ማጥመቁን ቀጠለ። ለበዓል እማሆይ ቤት ስንገናኝ ራውተሯን እንደ ፈታት ሚስቱ በሩቁ ሰላም ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ቃሉን ጠበቀ። ሳይነካካ መኖር ለሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ከሥራው ሁሉ የማከብርለት ይህን ነው።

ወገዳ ስደርስ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። ካቻቢቴውን አብረው ይቅበሩለት አይቅበሩለት ብለው ወንድሞቹ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። "ብረት ነው፣ አይሆንም" ያለው አሸነፈ። እማሆይ ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ተንገጫግጨው መጥተዋል። አርጅተዋል፤ ምርኩዛቸው ግን ያው ነው። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

አፈሩ ተመልሶ ካለቀ በኋላ ቄሱ "ለወንድማችን ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት በሉለት" አሉ። ሕዝቡ ጀመረ። እኔም ጀመርኩ። ስንጋመስ እማሆይን ቀና ብዬ አየኋቸው። አያለቅሱም፤ ምርኩዛቸው ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሏል። ያኔ ነው የራሴን እጅ ያየሁት፤ አውራ ጣቴ ሌባ ጣቴን ቁልፍ እንደያዘ አጥብቆ ተጭኗል። ኃይል ወስብሐት ለዓለመ ዓለም፣ አሜን።

ምርኩዙ አዲሱ አፈር ላይ አንድ ጊዜ አረፈ።

"ልቀቅ፣ ልጄ" አሉ እማሆይ፣ ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው።

ሕዝቡ ከኋላችን በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ቀጠለ። እኔና እሳቸው እዚያው ላይ አቆምን።